የባሕር ዳር ከነማ ታሪክ፦ ከፍ ያለ ክለብ፣ ዝም ያለ ስታዲየም

ከዘንዘልማ ተነስቶ መሃል ባሕር ዳር ለመግባት ዓባይን መሻገር ግድ ነው። ባሕር ዳር ከነማ በሜዳው በሚጫወትበት ጊዜ ከዘንዘልማ የሚነሳ ደጋፊ ድልድዩን የሚሻገረው በባጃጅም በእግሩም፣ ቦታ እንዳይያዝበት እየተጣደፈ ነበር። ዛሬ ያው ደጋፊ ክለቡን ለማየት ድልድዩን መሻገር አያስፈልገውም። ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሄዶ ሻይ አዝዞ ይቀመጣል። የሚያየው ሜዳ ግን የእሱ ከተማ ሜዳ አይደለም።

የክለቡ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከ2010 ዓ.ም. ነው። ፕሪሚየር ሊግ የገባበት ዓመት ስለሆነ። ከዚያ በፊት ያለው እንደ ጨለማ ዘመን ይታለፋል። ነገሩን ትንሽ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ያገኛል።

ከስሙ እንነሳ። ብዙ ወጣት ደጋፊ «ከነማ» ማለት «ከተማ» ማለት ይመስለዋል። ቃሉ ግን «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው የተቆረጠ ምህጻር ነው። እነዚህ ማኅበራት በደርግ ጊዜ፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በወረሰው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የተቋቋሙት ናቸው፤ ቀበሌ የምንለው ከዚያ ነው የመጣው። ሥርዓቱ ሄደ፣ ስሙ ግን በማሊያ ላይ ቀረ። የዛሬው የሊግ ሰንጠረዥ «ባሕር ዳር ከተማ» ቢለውም ሕዝቡ ከነማ ማለቱን አልተወም። ትርጉሙም ግልጽ ነው፤ ክለቡ የነዋሪው ነው።

ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ተጀመረ። ባሕር ዳር የክልል መዲና፣ የሐይቅና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ክለቧ ግን ሃያ ዓመት ከታች ቆየ። መጀመሪያ በብሔራዊ ሊግ፣ በኋላም ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ በተዘረጋው ከፍተኛ ሊግ። በ2008 ዓ.ም. የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲያልፍ ባሕር ዳር ቆሞ ተመለከተ።

የታችኛው ሊግ ኑሮ ከባድ ነው። ካሜራ የለም፣ ስፖንሰር የለም። ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ መንገድ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አይጎድልም ነበር፦ ክለቡ በየተራው ቤቱ ይመጣል። ቤቱም ጎጆ አልነበረም። ባሕር ዳር ስታዲየም ከ50 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የተሠራ ነው። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፉት እዚያ ነው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮትዲቯርን በዚያው ውጤት ረቱ።

2010 ዓ.ም. መጣ። በአሠልጣኝ ጳውሎስ ጌታቸው የሚመራው ቡድን ከደቡብ ፖሊስና ከሽረ እንዳሥላሴ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አለፈ። በምትካቸው ከወረዱት መካከል ሦስት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን የነበረው ኤሌክትሪክ ይገኝበታል። መሰላሉ ላይ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል።

የተከተሉት ሁለት ዓመታት የስታዲየሙ ምርጥ ጊዜ ነበሩ። «የጣና ሞገዶቹ» የሚለው ቅጽል ስም አገር ለመደው። ከፋሲል ጋር የሚደረገው ጨዋታም የጣና ደርቢ ተባለ። ዘመኑን ግን ማሳመር አይገባም። በ2010 ዓ.ም. ወልዲያና መቀሌ ሊጫወቱ በታሰበበት ቀን ወልዲያ ላይ በተነሳ ግጭት ሰው ሞቷል። የአማራና የትግራይ ክለቦች አንዱ ወደ ሌላው ሜዳ መሄድ ፈርተው ነበር። የፖለቲካው ቁስል ስታዲየም ድረስ መጥቶ ነበር። ለዚህ ነው ኋላ የመጣውን ለውጥ ብዙ ሰው በእፎይታ የተቀበለው።

ለውጡ በኮቪድ በኩል መጣ። የ2012 ውድድር ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ሲመለስ በሱፐርስፖርት የሚተላለፍ፣ ሁሉም ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰብስበው የሚጫወቱበትና ከዚያ ወደ ቀጣዩ ከተማ የሚዘዋወሩበት ሆነ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ። ገንዘብ መጣ፣ ጥራት መጣ፣ ግጭቱም ቀነሰ። በምትኩ «በሜዳው» እና «ከሜዳው ውጪ» የሚለው ነገር ትርጉም አጣ።

ከዚያ ሌላው ጉዳት ተከተለ። ስታዲየሙ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካን ጨዋታ ካስተናገደ በኋላ ካፍ መስፈርቱን አያሟላም ብሎ አገደው። ዋልያዎቹ ጋናን «በሜዳቸው» የገጠሙት ጆሃንስበርግ ላይ ነው።

ክለቡ ግን ማደጉን አላቆመም። በ2015 ዓ.ም. በደግአረገ ይግዛው አሠልጣኝነት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ለኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አለፈና የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ጥሎ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሸነፈ። በታሪኩ ትልቁ ጉዞ ይህ ነው። የቤቱን ጨዋታ ያደረገው ግን አዲስ አበባ ነው። ያን ነሐሴ ክልሉ በጦርነትና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሊጉ በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ሲዞር ባሕር ዳር ከአስተናጋጆቹ መካከል አልነበረችም።

እዚህ ላይ አንድ የፖርቱጋል ክለብ ማንሳት ይጠቅማል። የሊዝበኑ ቤሌኔንሴስ በ1919 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ በ1946 የአገሩን ሊግ ያነሳ ክለብ ነው። ከጊዜ በኋላ የእግር ኳሱን ኩባንያ አብላጫ ድርሻ ባለሀብት ገዛው። ባሕር ዳር ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በዚያው ክረምት፣ በ2018 እ.ኤ.አ.፣ አባላቱና ኩባንያው ተለያዩ። ኩባንያው የአንደኛ ዲቪዚዮን ቦታውን ይዞ ወደ ሌላ ስታዲየም ሄደ። አባላቱ ስማቸውንና ሬስቴሎ የሚባለውን ሜዳቸውን ይዘው ከስድስተኛው እርከን እንደገና ጀመሩ። በ2023 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው ዲቪዚዮን ደረሱ። የኩባንያው ቡድን በበኩሉ ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወረደ።

ይህ ማለት ባሕር ዳር ከነማ ወደ ታች ይውረድ ማለት አይደለም። ጦርነቱን ክለቡ አላመጣውም፤ የካፍን መስፈርትም በአንድ ቀን ማሟላት አይቻልም። የሊዝበኖቹ ታሪክ የሚያሳየው ግን እርከንና ቤት ሁለት የተለያዩ ሀብቶች መሆናቸውን ነው። እኛ አገር የሚቆጠረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። እንደ ከነማ ያሉ ክለቦች የሚኖሩት በአብዛኛው በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋች ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የተባለውም የሕዝብ ገንዘብ በመፍሰሱ ነው። ታዲያ ከፋዩ ነዋሪ የከፈለበትን ጨዋታ በአካል ካላየ፣ ቢያንስ ስታዲየሙ መቼ ተጠግኖ እንደሚያልቅ፣ በክለቡ ስም የሚጫወቱ ታዳጊዎችስ የት እንደሚታዩ ሊነገረው አይገባም?

ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ኤሌክትሪክን መጠየቅ ነው። ሜዳ ሳይመጣ ያደገ ልጅ ግን ነገ ደጋፊ ይሆናል ብሎ መተማመን ይከብዳል። ክለቡ ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ የተወለደ የዘንዘልማ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል። ከነማን ያውቀዋል፤ በስክሪን። የነዋሪዎች ማኅበር የሚል ስም የተሸከመ ክለብ ለዚህ ልጅ ዕዳ አለበት፦ አንድ ቀን ድልድዩን አሻግሮ ሊያስገባው።