ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር የተስማማ መኖሪያ ቤት (ቦሌና ምሥራቅ አዲስ አበባ)

በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች መጠነኛ ቤት ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው ውሳኔ የወለሉ ከፍታ ነው። ቤቱ ክረምቱን መቋቋሙም ሆነ አቅመ ደካማና በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ያለ ደጋፊ መግባት መቻሉ በዚሁ ይወሰናል።

የአካባቢው መሬት ሁለት ዓይነት ነው። በየካ ተራራ ግርጌና በኮተቤ በኩል ተዳፋት ይበዛል፤ ወደ ቦሌ ቡልቡላ ሲወረድ ደግሞ ሜዳው ሰፊ፣ አፈሩም በብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ፣ አፈሩ በየዓመቱ ከማበጥ ወደ መሰንጠቅ ይለዋወጣል። ይህን የሚያብጥ አፈር ከባድ ፎቅ በክብደቱ ሊጫነው ይችላል፤ ቀላሉን ቤት ግን አፈሩ ያነሳዋል፣ ግድግዳውንም ይሰነጥቀዋል። ጉዳቱ የሚበረታው አቅሙ ውስን በሆነው ሰው ቤት ላይ ነው።

የተለመደው መፍትሔ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል መሙላት ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁንና ብዙዎች ጎርፍ ፈርተው ሙሌቱን ከግቢው በላይ ያስነሱትና በሩ ላይ ሦስት አራት ደረጃ ይሠራሉ። በዚህ ቤት ያረጁ ወላጆች ከደጅ መውጣት ይቸገራሉ። የተሻለው መንገድ ወለሉን ዝቅ አድርጎ ግቢውን ከቤቱ እንዲርቅ ማዘንበል፣ ዙሪያውን ሊሾ ማድረግ፣ የጣሪያውንም ውሃ በአሸንዳ ወደ ሮቶ ወይም ወደ ቦይ መምራት ነው። ወለሉን ማንሳት ግድ ከሆነ፣ በስፋት የሚሠራበት የደረጃ አልባ መወጣጫ መጠን 1 ለ 12 ነው፤ 45 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት 5.4 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። በጠባብ ግቢ ይህ ርዝመት በአጥሩ ሥር ከዋናው በር ጀምሮ ሊዘረጋ ይችላል። ባሕር ዛፍ ከመሠረቱ መራቅ አለበት፤ ሥሩ ዋልካውን በአንድ ወገን እያደረቀ ቤቱን ያዘነብላል።

በየካ ተዳፋት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክፍሎቹን በተለያየ ከፍታ ደረጃ በደረጃ ማውረድ የመሬት ቆረጣን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከመኝታ ወደ ወጥ ቤት ሳይቀር ደረጃ ያስገባል። ቤቱ ተዳፋቱን ተሻግሮ በጎን በኩል ከተዘረጋ፣ ክፍሎቹ በአንድ ከፍታ ይደረደራሉ፤ መንገዱ በላይኛው ጎን ካለፈም መግቢያው ከእርሱ እኩል ይሆናል። የተረፈው ቁልቁለት በአጭር የድንጋይ ግንብ ተከልሎ ወይራና ጽድ ሊተከልበት ይችላል።

ለግድግዳ ጭቃ ዛሬም ይሠራል። በእንጨት ማገር ላይ ከጭድ ጋር ቦክቶ የተለሰነ ጭቃ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊት ያቆያል፤ ጠላቱ ከሥሩ የሚነካው ውሃ ስለሆነ የድንጋይ መሠረትና ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ያስፈልገዋል። በመስከረም አሰግድና በኤልያስ ስሜ የተገነባውና በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም፣ የሚገኘው ከዚህ አካባቢ ውጭ በመካኒሳ ቢሆንም፣ ጭቃና ድንጋይ በአዲስ አበባ ምን ያህል ክብር ያለው ግንባታ እንደሚሆን የሚያሳይ ቅርብ ምሳሌ ነው። ከተማዋ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ የኅዳርና የታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ ብርድ የሚበረታውም ያኔ ስለሆነ ትልቁ መስኮት ወደ ደቡብ ቢከፈት ይመረጣል።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አካል ጉዳተኞች እንዲገቡና መጸዳጃ እንዲያገኙ ያስገደደው ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎችን ነበር። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ብታጸድቅም፣ የግል ቤት በአብዛኛው ለባለቤቱ ፈቃድ የተተወ ነው። በገርጂ በሙከራ የተጀመረውና በኋላ በስፋት የተሠራው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየምም ሊፍት የለውም፤ ላይኛው ፎቅ የደረሰው ሰው ጉልበቱ ሲደክም ቤቱን ከመቀየር ሌላ ምርጫ አይኖረውም። በግል ግቢ የሚሠራ ሰው ግን የበሩን ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር፣ የመጸዳጃውን ባዶ ወለል 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር አድርጎ ገና በፕላኑ ላይ ቢያስይዝ፣ ወጪው ኋላ ግድግዳ ከማፍረስ በእጅጉ ያንሳል።