የትምህርት ኃላፊው ሥራና የድኻው ልጅ መንገድ

የአንድ ወረዳ የትምህርት ኃላፊ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በተመዘገቡት ተማሪዎች ቁጥር ነው። ቁጥሩ የማይገልጸው አንድ ጉዳይ ግን አለ፤ ይኸውም ሕፃኑ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ የሚጓዘው መንገድ ነው። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጮቄ ተራራ ተዳፋት፣ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን የምትገኘው ሮብ ገበያ ይህን ለመገንዘብ ትረዳለች። በዚያ ደጋ ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ወር ወንዙ ገና አይጎድልም፤ የድኻውም ልጅ ለእረኝነትና ለአጨዳ ይፈለጋል።

ጎጃም ቀደም ሲል ለችግረኛው ተማሪ የራሱ የሆነ ሥርዓት ነበረው። ቅኔ ፈላጊው ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዲማ ሲሄድ አኩፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ በሚያገኘው ቁራሽ ይማር ነበር። ስለዚህ የተማሪው ቀለብ በአባቱ ጫንቃ ላይ ብቻ ሳይወድቅ በመንደሩ ሁሉ ይከፋፈል ነበር ማለት ነው። እነሐዲስ ዓለማየሁን ያፈራው ይኸው የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። ሆኖም ሥርዓቱ ለሴቶች ልጆች የተዘረጋ አልነበረም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት የቀለቡን ሸክም ለወላጅ ተወው። በ1940 ዓ.ም. ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማስፋፊያ የሚውል የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጣለ። ገበሬው ግብሩን በያለበት ሲከፍል ትምህርት ቤቱ ግን በአብዛኛው በከተሞች ተወሰነ። የገጠሩ ልጅ ወደ ከተማ ወርዶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ከወላጆቹ የሚላክለትን ስንቅ እየጠበቀ ይማር ነበር፤ ስንቅ የሚልክለት ያጣው ከትምህርት ቀረ።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አገልግሎት መምህራንን ወደ ክፍለ ሀገሩ አደረሰ። በዚያው ዘመን አካባቢ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚሠራ ክፍል ተቋቋመ። የአካባቢው ሕዝብም የድርሻውን ያዋጣ ነበር። ሥራው ለሙያችን የሚያኮራ ነው። ነገር ግን መዋጮን መሠረት ያደረገ አሠራር ሁሉ አንድ ጉድለት አለው፤ አስቀድሞ ያዋጣው አስቀድሞ ይሠራለታል፣ ችግረኛው ቀበሌ ወደ ኋላ ይቀራል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ሕዝቡ ለመረጣቸው ኮሚቴዎች ተሰጠ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ ቀጥሎም በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀት ወደ ወረዳ መውረዱ ውሳኔውን ይበልጥ ወደ ገበሬው አቀረቡት። ይሁን እንጂ የወረዳው የትምህርት በጀት አብዛኛውን ለደመወዝ ስለሚውል ለግንባታ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

እንግዲህ በኃላፊው እጅ የሚቀረው ትልቁ መሣሪያ የቦታ ምርጫ ነው። አዲስ ትምህርት ቤት ከወንዙ ወዲህ ይሁን ወይስ ወዲያ የሚለው ውሳኔ ማን ተማሪ፣ ማን እረኛ እንደሚሆን ይወስናል። ይህን ውሳኔ ለኃላፊው ብቻ መተው አይገባንም። ርቀቱን በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ከመለካት ይልቅ አቀበቱንና ወንዙን አስልተን፣ በሰባት ዓመት ሕፃን እርምጃ ልንለካለት ይገባል። የእግረኛ ድልድዩም ከመማሪያ ክፍሉ ጋር በአንድ ዕቅድና በአንድ በጀት ይያዝ። ድልድይ የሌለው ትምህርት ቤት ለወዲያኛው ማዶ ልጅ እንዳልተሠራ ይቆጠራልና።