ከባጥሐ አስፋልት ሥር ያለው ሸለቆ

ባጥሐ በዐረብኛ ጎርፍ አሸዋና ጠጠር አንጥፎበት ያለፈ ሰፊ የወንዝ ወለል ማለት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሱቆቹና በምግብ ቤቶቹ የሚያውቁት ይህ የሪያድ ሰፈር ስሙን የወረሰው፣ ከጥንቱ የጭቃ ግንብ ከተማ በስተ ምሥራቅ ያልፍ ከነበረውና ዛሬ በመንገድና በሕንፃ ከተሸፈነው ደረቅ ሸለቆ ነው። የከተማዋም ስም የመጣው ዝናብ ተጠራቅሞ የሚለመልምበትን ዝቅተኛ መስክ፣ ኋላም የአትክልት ስፍራን ከሚያመለክተው «ረውዳ» ከሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ነው። የዓመቱ ዝናብ በአማካይ ከ100 ሚሊ ሜትር ብዙም በማይርቅበት አገር ይህን ስም በሕይወት ያቆየው ሰማይ ሳይሆን ከጉድጓድ ውኃ የሚቀዳው ሰውና እንስሳው ነበር።

በግንቡ ዙሪያ የነበሩት የተምር አትክልቶች ይጠጡ የነበረው «ሳኒያ» በሚባል መቅጃ ነው። በጉድጓዱ አፍ ላይ በተተከሉ ምሰሶዎች መካከል መዘውር ይንጠለጠላል፤ በመዘውሩ ላይ የሚያልፈው ወፍራም ገመድ ትልቅ የቆዳ ባልዲ ሲያነሣ፣ በታችኛው ተሽከርካሪ ግንድ ላይ የሚያልፈው ቀጭን ገመድ ደግሞ የባልዲውን ረጅም አንገት ይይዛል፤ ባልዲው አፋፍ ሲደርስ አንገቱ ወደ ፊት ተስቦ ውኃውን በገንዳ ውስጥ ራሱ ይገለብጣል። ገመዱን የሚጎትቱት ግመሎች ወይም አህዮች ተቆፍሮ በተበጀ ቁልቁለት እየወረዱ ስለሚስቡ የክብደታቸው ኃይል ያግዛቸው ነበር። የቁልቁለቱ ርዝመት ከጉድጓዱ ጥልቀት ጋር ስለሚመጣጠን፣ የውኃው ርቀት በምድር ላይ በእንስሳት እርምጃ ተጽፎ ይታይ ነበር ማለት ይቻላል፤ ውኃው ወደ ታች በሸሸ ቁጥር መንገዱም ይረዝማል።

የውኃ ቁጠባ ልማዱ መነሻ እዚህ ላይ ያለ ይመስላል። እያንዳንዱ ባልዲ የእንስሳ ምልልስና የመኖ ወጪ ስለነበረ፣ ውኃው ከገንዳው በጠባብ ቦይ እየተመራ በእያንዳንዱ ተምር ግርጌ ወደተከተረ ጎድጓዳ መደብ ብቻ ይገባ ነበር። ከተምሩ ጥላ ሥር ሮማንና በለስ፣ ከእነዚያም በታች አልፋልፋ የተሰኘው የከብት መኖ ይበቅላል፤ አንዱ ሌላውን ከፀሐይ ስለሚከልለው ትነቱ ይቀንሳል፣ መኖውም ውኃውን ለሚስበው እንስሳ ይመለሳል። በአፈሩ ውስጥ የሰረገው ትርፍ ደግሞ ከፊሉ ወደ ሸለቆው ውኃ አዘል ደለል ይወርዳል።

ይህን ቁጠባ የፈታው የሞተር ፓምፕ ነው። ገመዱና ቁልቁለቱ ሲቀሩ የውኃውን ዋጋ በየቀኑ ለዐይን የሚያሳይ ነገርም አብሮ ቀረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የከተማዋ ግንብ ፈረሰ፣ አትክልቶቹም ለቤትና ለመንገድ ቦታ ለቀቁ፤ ውኃ ፍለጋውም ከ1,000 ሜትር በላይ ወደሚጠልቀው ሚንጁር ወደተባለው የአለት ንጣፍ ወረደ፤ ከዚያ የሚወጣው ውኃ ከሙቀቱ የተነሣ ከመጣራቱ በፊት መቀዝቀዝ ነበረበት። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በጁበይል ጨውነቱ የተወገደለት የባሕር ውኃ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ፣ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለችው ሪያድ ይደርሳል። በጓሮ ጎማ ቧንቧ የሚፈሰው ውኃ ከሳኒያው ይልቅ እጅግ የተደከመበት ውኃ ነው፤ ድካሙ ግን ከአትክልተኛው ዐይን ርቋል።

በ2019 (እ.ኤ.አ.) የሳዑዲ መንግሥት «ቀጥራ» ማለትም «ጠብታ» በተባለው መርሐ ግብር፣ 263 ሊትር የነበረውን የአንድ ሰው የቀን ፍጆታ በ2030 ወደ 150 ሊትር ለማውረድ አቀደ። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው 7.5 ሚሊዮን ዛፎችን በሪያድ የመትከል ዕቅድም ዛፎቹን የሚያጠጣው በዋናነት ተጣርቶ ዳግም በሚሠራበት የፍሳሽ ውኃ ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ያገኘው የዋዲ ሐኒፋ ሸለቆ እድሳትም የከተማዋን ያገለገለ ውኃ በድንጋይና በሕያዋን ፍጥረታት እያጣራ በሸለቆው ያፈሰዋል፤ ይህም ሸለቆ በቀድሞው ዘመን የባጥሐ ጎርፍ ቁልቁል ይቀላቀለው የነበረው ነው።