የሜዳሊያው ዝርዝርና የሕሙማን አልጋ፦ ከስቶክ ማንደቪል እስከ መርሳ

የአውሮፓ የክብደት ማንሳት ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1896 በሮተርዳም ከተጀመረ ወዲህ የባለሜዳሊያዎች ስም ከነአገራቸው ሲመዘገብ ኖሯል። ዝርዝሩን የሚመለከት ሰው በሐሳቡ የሚመጣበት ጤናማና ግዙፍ ሰውነት ነው። ይሁን እንጂ በዚያው አህጉር መነሻው የስፖርት አዳራሽ ሳይሆን የሆስፒታል አልጋ የሆነ ሌላ የክብደት ማንሳት ታሪክም አለ። ይህ ታሪክ ለጤና ባለሙያ ቅርብ ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ደግሞ ሻምበል አበበ ቢቂላ የሚገኙበት በመሆኑ ይበልጥ ይቀርባል።

ታሪኩን የጀመሩት ከናዚ አገዛዝ ሸሽተው እ.ኤ.አ. በ1939 እንግሊዝ አገር የገቡት የነርቭ ሐኪም ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። በ1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ማዕከል እንዲመሩ ሲሾሙ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ በመኝታ ቁስል ወይም በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። ጉትማን ሕሙማኑ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ፣ ፊኛቸው በንጽሕና እንዲያዝና ስፖርት የሕክምናቸው አካል እንዲሆን አደረጉ። ሐምሌ 1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች በሆስፒታሉ ግቢ በቀስት ውርወራ ተወዳደሩ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ታሪኮች ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ሄዱ። መስከረም 10 ቀን 1960 አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግራቸው ማራቶንን አሸነፉ፤ ከስምንት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ በኋላ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የታወቀው ውድድር ተከፈተ። ጥቅምት 1964 አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ጥቂት ሳምንታት በኋላ በቶኪዮ ድላቸውን ደገሙ፤ በቀጣዩ ወር በቶኪዮ ክብደት ማንሳት ለመጀመሪያ ጊዜ በፓራሊምፒክ ገባ። የተፈቀደውም የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ላለባቸው ወንዶች ብቻ ነበር። ሴቶች የተካተቱት በ2000 በሲድኒ ነው።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት በአሳዛኝ ሁኔታ ነው። መጋቢት 1969 አበበ በመኪና አደጋ ተጎድተው ወደ ስቶክ ማንደቪል ተወሰዱ። በመጀመሪያ ጭንቅላታቸውን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻሉም ነበር። በወራት ሕክምና የእጃቸውን ኃይል መልሰው አገኙ፤ እግራቸው ግን አልተመለሰም። በ1970 በዚያው በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደሩ፤ በ1971 በኖርዌይ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ መንሸራተቻ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፉ። በጥቅምት 1973 በጭንቅላት ውስጥ ደም በመፍሰሱ በ41 ዓመታቸው አረፉ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር፣ እግሩ ሽባ የሆነ ሰው ከሁሉ በፊት ማንሳት ያለበት ክብደት የራሱን ሰውነት መሆኑ ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሻገር፣ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ መቀመጫውን ከወንበሩ ከፍ አድርጎ የመኝታ ቁስልን ለመከላከል የክንዱና የትከሻው ብርታት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የክንድ ልምምድ ለእርሱ የዕድሜ ጉዳይ ነው።

ይህ ትምህርት ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ለምትገኘው፣ በፍራፍሬዋ ለታወቀችው ለመርሳም ይሠራል። ከዛፍ መውደቅ፣ የመኪና አደጋ፣ እንዲሁም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አካባቢውን የጎዳው ጦርነት ያመጣው የጥይትና የፍንጣሪ ቁስል ለሀብሩ የጤና ባለሙያ እንግዳ አይደሉም። ሕመምተኛው በትልቅ ሆስፒታል ታክሞ ወደ ቀዬው ሲመለስ ቀሪ ዘመኑን የሚከታተለው በቅርቡ ያለው የጤና ባለሙያ ነው። የአከርካሪው ስብራት መጽናቱ ከተረጋገጠ በኋላ አሸዋ የተሞላ የላስቲክ ጠርሙስ ለልምምድ መነሻ ይበቃል፤ ክብደቱ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ትከሻው ከታመመ ይቀነሳል። ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በልምምድ መካከል ከባድ ራስ ምታት፣ ላብና የደም ግፊት መጨመር ከታየ ሕመምተኛውን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ የጠበቀ ልብሱን ማላላት፣ ፊኛው መሙላቱን ወይም ካቴተሩ መዘጋቱን ወዲያው መመርመር ይገባል።

ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ መሳተፍ የጀመረችው በ1968 በቴል አቪቭ ነው። የመጀመሪያውን ሜዳሊያ፣ ብር፣ ወንድዬ ፍቅሬ በ2012 በለንደን፣ የመጀመሪያውን ወርቅ ትግስት ገዛኸኝ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ውድድር አስገኝተዋል፤ ሁለቱም በ1500 ሜትር ሩጫ። በእንዲህ ያለ ዝርዝር የሚጻፈው የተወዳዳሪው ስም ብቻ ነው። አንድን ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ያገላበጠችው ነርስ ስም አይጻፍም፤ ሆኖም ያለ እርስዋ ለውድድር የሚደርስ አይኖርም ነበር።