የመንገዱን መብራት ማን ይከፍላል? የሎስ አንጀለስ ታሪክና የእኛ መዋጮ



ከመካከላችን ብዙዎች ከሥራ የምንወጣው በሌሊት ነው። ሆስፒታል የምታድር፣ ሆቴል የምታጸዳ፣ የመኪና ማቆሚያ የምትጠብቅ እህት ከአውቶቡስ ወርዳ ቤቷ እስክትደርስ መንገዱ መብራት አለው ወይስ የለውም የሚለው ለእሷ ትልቅ ጉዳይ ነው። በዚህ እትም የምንኖርባትን የሎስ አንጀለስን የመንገድ መብራት ታሪክ፣ በተለይም ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ልናካፍላችሁ ወደድን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ በኤሌክትሪክ መብራት መንገዷን ማብራት የጀመረችው በ1882 የመጨረሻ ሌሊት ነው። ያኔ የተተከሉት 7 ምሰሶዎች ብቻ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 150 ጫማ ይረዝሙ ነበር። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ መብራቱም በየሰፈሩ ገባ። የጥገናውንና የኃይሉን ወጪ የሚሸፍኑት በመብራቱ የሚጠቀሙ ባለንብረቶች ሆኑ። ዛሬም ይህ ክፍያ ከንብረት ግብር ጋር አብሮ ይጠየቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለብቻ የማይቻለው ለብዙ ሲከፋፈል ቀላል ሆነ። እድርን ለምናውቅ ለእኛ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም።

በ1996 ግን አንድ ነገር ተለወጠ። የካሊፎርኒያ ሕዝብ 218 ቁጥር የተሰጠውን ድንጋጌ በድምፁ አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ክፍያ ለመጨመር ባለንብረቶቹ ራሳቸው በድምፅ መስማማት አለባቸው። ሰው ሳይጠየቅ ክፍያ አይጨመርበት የሚለው ሐሳብ ተገቢ ነው። ችግሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው። የነባሮቹ መብራቶች ክፍያ በ1996 በነበረበት ቆሞ ሲቀር፣ የኃይል፣ የመለዋወጫና የሠራተኛ ዋጋ ግን በየዓመቱ ይጨምር ነበር። ገቢው ባለበት ቆሞ ወጪው ብቻ የሚያድግ ማኅበር የት እንደሚደርስ ሒሳብ ያዥ የነበረች ሁሉ ታውቀዋለች።

በ2009 ኢኮኖሚው በተዳከመበት ጊዜ፣ ከንቲባ አንቶኒዮ ቪያራይጎሳ ከቢል ክሊንተን የአየር ንብረት ተቋም ጋር በመተባበር አንድ ትልቅ እቅድ ይፋ አደረጉ። ብርቱካንማ ብርሃን የሚሰጡት 140,000 የሶዲየም መብራቶች ወርደው፣ አነስተኛ ኃይል በሚወስዱና ረጅም ዕድሜ ባላቸው ኤልኢዲ መብራቶች ሊተኩ ነው። ወጪው 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋው ከከተማዋ የውኃና ኃይል መሥሪያ ቤት በብድር ተገኘ። ከባለንብረቶቹ መዋጮ ካዝና የወጣው 3.5 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። የቀረው አብዛኛው፣ ኃይል ለሚቆጥብ ደንበኛ የሚሰጥ ተመላሽ ገንዘብ ነው።

ብድሩ የሚከፈልበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። የማንም ክፍያ አልተጨመረም። አዲሱ መብራት ከ60 በመቶ በላይ ኃይል ስለሚቆጥብ፣ ቀድሞ ለኃይልና ለጥገና ይወጣ የነበረው ገንዘብ በ7 ዓመት ውስጥ ዕዳውን እንዲከፍል ተደረገ። መብራቱ ራሱ ዕዳውን ከፈለ ማለት ይቻላል። ግዢውም በአንድ ጊዜ አልተፈጸመም። አምፖሎቹ እየተፈተሹ በየተራ ይገዙ ስለነበር፣ ቴክኖሎጂው እየተሻሻለ ዋጋውም እየቀነሰ ሄደ። መጀመሪያ ላይ ከ400 ዶላር በላይ ይገዛ የነበረው አንድ መብራት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ 250 ዶላር ገደማ ወረደ። የመጀመሪያው ዙር ሥራ በ2013 ተጠናቀቀ። ብዙ ከተሞችም ከዚህ ትምህርት ወሰዱ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ቁጠባው አንድ ጊዜ ይገኛል እንጂ በየዓመቱ አይጨምርም። የባለንብረቱ ክፍያ ለብዙ ዓመታት በ1996 ልክ ቆይቷል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌቦች ከምሰሶው ሥር ያለውን ሣጥን እየከፈቱ የመዳብ ሽቦውን ይወስዳሉ። አምፖሉ ደህና ሆኖ ሳለ መንገዱ ይጨልማል፤ ጠጋኝ እስኪመጣም ብዙ ይቆያል። 588 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በ2022 የተከፈተው የስድስተኛው ጎዳና ድልድይ እንኳ ሽቦው ተሰርቆ ጨለማ ውስጥ ወድቆ ነበር። ለመሥራት ገንዘብ ተገኝቷል፤ ሠርቶ ለማቆየት ግን አልበቃም።

ይህን የምንጽፈው በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የመዋጮ ጉዳይ በአጀንዳ ስለተያዘ ነው። ለሐዘንና ለደስታ የምናውለው ወንበርና ጠረጴዛ፣ ትልልቁ ድስትና የቡና ማፍያው በደጋፊዎቻችን ልገሳ የተገዙ ናቸው። እናመሰግናለን። የሚቀመጡበት ቦታ ኪራይ፣ ማጓጓዣውና ጥገናው ግን የሚከፈለው ከአባላት ወርሃዊ መዋጮ ነው። መዋጮው ማኅበሩ ሲቋቋም እንደተወሰነው ነው፤ ኪራዩ ግን በየዓመቱ ይጨምራል።

ለጉባኤው የሚቀርበው ሐሳብ ሁለት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ መዋጮው በየዓመቱ ከወጪው ጋር ተነጻጽሮ ይታይ፤ ለውጥ ቢያስፈልግ አባላት በድምፅ ይወስኑ። ሁለተኛ፣ ዕቃ በልገሳ ሲገዛ ለጥገናው የሚሆን ድርሻም አብሮ ይታሰብ። ለጋሾቻችንም ይህን ሁለተኛውን ነጥብ እንድታስቡበት በአክብሮት እንጠይቃለን። አባላት፣ ከመምጣታችሁ በፊት የሒሳብ ሪፖርቱን አንብቡ። እስከዚያው ግን በሰፈራችሁ የጠፋ የመንገድ መብራት ካያችሁ 311 ደውላችሁ ትክክለኛውን አድራሻ አስመዝግቡ።