የጎጀብ ወንዝና የአራት ኪሎው ሐውልት

ከቦንጋ ተነሥቶ የጎጀብን ወንዝ በመሻገር በጅማ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ፣ በመዲናይቱ ሳያይ ከማያልፋቸው ሥፍራዎች አንዱ በአራት ኪሎ አደባባይ የቆመው የድል ሐውልት ነው። ሐውልቱ የሚዘክረው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.ን፣ ማለት ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ወደ ዋና ከተማቸው የተመለሱበትን ዕለት ነው። ዕለቱም በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም፤ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን የያዘው ከ5 ዓመት በፊት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበርና።

ይሁን እንጂ ከተማይቱ ከጠላት እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከዚህም የተነሣ የደርግ መንግሥት የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ወደ ቀድሞው ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ድንጋዩ ሳይነቃነቅ የሚነበብበት መንገድ እንደሚለዋወጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከከፋ የመጣ ጎብኚ በዚህ ሐውልት ፊት ሲቆም «የእኛ ድርሻ የቱ ላይ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚገባው ነው። መልሱ ግን የሚገኘው በአደባባዩ ሳይሆን በመጣበት መንገድ ላይ፣ ከጎጀብ ዳር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ ሲወጡ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን እንደራሴ አድርገው ሾሙ፤ የመንግሥቱም መቀመጫ ጎሬ ሆነ። ራስ እምሩን ከረዱት መካከል የጥቁር አንበሳ ማኅበር ዋነኛው ነበር። ማኅበሩ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ መኰንኖችንና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶችን ያቀፈ ሲሆን፣ ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነ ነበሩ። 10 አንቀጽ ያለው ደንብም አወጡ። ደንቡ የጦር አዛዡ ለፖለቲካው አመራር እንዲገዛ ያዛል፤ ገበሬውን ማስቸገርንና ምርኮኛን ማንገላታትን ይከለክላል። አገሩ በተወረረበትና ስንቅ በጠፋበት ሰዓት የገበሬውን ጎተራ በሕግ ማስከበር ቀላል ነገር አልነበረም። እነዚህ ሰዎች የሚዋጉለትን አገር መልክ አስቀድመው በወረቀት ላይ ያሰፈሩ ናቸው።

ወደ ሸዋ የተደረገው ጉዞ አልተሳካም። ጦሩ ወደ ደቡብ ምዕራብ አፈግፍጎ ከከፋ ምድር ደረሰ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከብቦ እጁን ሰጠ። ራስ እምሩ በኢጣሊያ ለዓመታት ታስረው የተመለሱት ከድሉ በኋላ ነው። ከተማረኩት የጥቁር አንበሳ አባላት ግን ብዙዎቹ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተካሄደው ጭፍጨፋ ተገደሉ። እንግዲህ የስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት ከሚያስባቸው መካከል የመጨረሻ ውጊያቸውን በጎጀብ ዳር የተዋጉ ይገኙባቸዋል ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የጎብኚው ጥያቄ በተመለሰ ነበር። ነገር ግን ከፋ ስለ ነጻነት የምታውቀው ከዚያ የቀደመ ታሪክ አላት። ለብዙ ምዕተ ዓመታት በታቶ ማዕርግ በሚጠሩ ነገሥታትና በምክሬቾዎች ሸንጎ ትተዳደር የነበረችው፣ ድንበሯን በጥልቅ ጉድጓድና በበር ታስጠብቅ የነበረችው መንግሥት፣ ከወራት ውጊያ በኋላ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸነፈች። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾም በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተማርከው በግዞት ተወሰዱ፤ ወደ ዙፋናቸውም አልተመለሱም። ይህ የሆነው የዓድዋ ድል ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነበር። አንዱ መንግሥት የራሱን ነጻነት ባስከበረ ማግስት የሌላውን አስቀረ።

የከፋ ነገሥታት ዘውድም የአፄ ምኒልክ አማካሪ በነበረው በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ዙሪክ ገባ፤ የተመለሰውም በ1947 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ስዊስን በጎበኙበት ጊዜ ነው። የተሸነፈው መንግሥት ምልክት የአሸናፊው መንግሥት ቅርስ ሆኖ አገሩ ገባ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች አንዱን በሌላው ማጥፋት አይቻልም። በ1890 የደረሰውን በደል ለመሸፈን 1929ን መጥራት፣ የጥቁር አንበሳን መሥዋዕትነት ማሳነስ ይሆናል፤ 1890ን ይዞ በ1929 የፈሰሰውን ደም የሌላ ሰው ጉዳይ ማድረግም እንዲሁ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያስተሳስራቸው ግን የጥቁር አንበሳ ደንብ የያዘው ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ነጻነት ጠላትን ከማስወጣት ይልቃል፣ ኃይል በያዘውና ባልያዘው መካከል ያለውን ግንኙነትም ይመለከታል የሚለው ነው። ያ ደንብ ከ1890 በፊት ተጽፎ ቢሆንና ቢጠበቅ ኖሮ፣ በከፋ ላይ የዘመተው ጦር በምን ዓይነት ሕግ ይመዘን ነበር?

በአራት ኪሎ አደባባይ ለቆመው የቦንጋ ሰው ሐውልቱ የሌላ ሰው አይደለም፤ ሙሉ ታሪኩም አይደለም። ወደ አገሩ ሲመለስ ጎጀብን ይሻገራል፤ የቀረውን ክፍል የሚነግረው ወንዙ ነው።