ከጥርስ መንቀል በኋላ ስለሚመጣው ጉዳት

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰዎች ጥርስ ሲያማቸው ጥንት የሚሄዱት ወደ ወጌሻ ነበር። ወጌሻውም ጥርሱን በጉጠት ነቅሎ ያሰናብታቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እብጠትና መግል ግን የበሽተኛው ዕዳ ሆኖ ይቀራል። የጥርስ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ይህን ዕዳ ከበሽተኛው ወደ ሐኪሙ የማዛወር ታሪክ እንደ ሆነ በዚህ አጭር ጥናት እናስረዳለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የአካሉን አሠራር እንመልከት። በላይኛው መንጋጋ ዐጥንት ውስጥ፣ ከጥርሶቹ ሥር በላይ፣ ሳይነስ የተባለ የአየር ጓዳ አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ናትናኤል ሃይሞር በ1651 ባሳተመው መጽሐፍ ጓዳውን ሲገልጽ፣ ጥርሷ ተነቅሎ ጓዳው የተከፈተባትን ሴት ነገር ያነሣል፤ በቀዳዳው ላባ ብታስገባ ጠልቆ ስለ ሄደባት እጅግ ደነገጠች።

የመንጋጋ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ዐጥንቱ እየሳሳ፣ ጓዳውም ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚተከልበት ዐጥንት ይጠፋል። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሂልት ታተም በ1970ዎቹ ዓመታት የጓዳውን ወለል ከፍ አድርጎ ከሥሩ ዐጥንት መሙላትን ጀመረ፤ ቦይንና ጄምስም ዘዴውን በ1980 በጽሑፍ አወጡት።

የሥራው ዋና አደጋ የጓዳው ስስ ሽፋን መቀደድ ነው። ትንሹ ቀዳዳ በኮላጅን ይሸፈናል፤ ሰፊ ከሆነ ሥራው ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል። ሌሎቹ ጉዳቶች ግን በሽተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ይታያሉ፤ ይኸውም በአንድ በኩል ካለው አፍንጫ መግል መውረድ፣ መጥፎ ሽታ፣ ትኩሳትና እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ነው። በዚህ ጊዜ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይሰጣል፤ መግሉ ይወጣል፤ ካልተሻለም የተሞላው ዐጥንት ይጠረጋል። በሽተኛውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኃይል እንዳይናፈጥ፣ ሲያስነጥሰውም አፉን እንዲከፍት ይመከራል።

እንግዲህ ከነፋስ መውጫ ወይም ከወገዳ ተነሥቶ በትልቅ ከተማ የታከመ ሰው፣ ምልክቱ የሚታይበት ሐኪሙ በራቀበት በአገሩ ነው። በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ለገጠር ጤና ጣቢያዎች በማሠልጠኑ፣ የጤና ሠራተኛውና በሽተኛው በአንድ አገር እንዲኖሩ መንገድ ከፈተ። ዛሬም የጤና ጣቢያው ሠራተኛ እነዚህን ምልክቶች እንዲያውቅ፣ በሽተኛውም የተደረገለትን ሥራና ቀኑን የሚያስረዳ ወረቀት ይዞ እንዲመለስ ማድረግ ያንኑ መንገድ መከተል ነው። ያለዚያ አዲሱ ጥበብ ምንም ቢራቀቅ፣ ለጋይንት በሽተኛ ከጉጠቱ የሚለየው በዋጋው ብቻ ይሆናል።